ሦስት ነው ያልኩት ሳንቃ

ውድ እህቴ አንጉስቲያስ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የጣቶችሽ ቁርጥማትስ እንዴት አደረገሽ? በሄዳችሁበት አገር ፋብሪካ ቀዝቃዛ ውሃ እጅሽን ስትነክሪ እንደምትውይ ከጻፍሽልኝ ወዲህ ክረምቱን ሙሉ ሐሳቤ ከእጅሽ ላይ አልተነሣም። ባልሽ ሂኔስስ ሳሉ ለቀቀው? ልጆቹስ ብርዱን ለመዱት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። እሱም ዳገቱን እሺ ብሎ ቁልቁለቱን እምቢ ይላል።

ስለ ወንድማችን ስለ ካሲሚሮ እውነቱን ንገረኝ ብለሽ ሁለት ጊዜ ጻፍሽልኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ «ደህና ነው» ብዬ አለፍኩሽ። ዛሬ ከሥሩ ጀምሬ እጽፍልሻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና።

ካለፈው በጋ ጀምሮ ጆሮው ከድቶታል። ወፍራሙን ድምፅ ይሰማል፣ ቀጭኑን አይሰማም። የቤተ ክርስቲያኑን ትልቅ ደወል ሰምቶ «ትንሿን ዛሬ ለምን አልደወሏትም?» ይላል። ሐኪሙ የዕድሜ ነገር ነው፣ መድኃኒት የለውም ብሎ አሰናበተው። ጫማ ሰፊ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ እሱ ግን ጊታር ሠሪ ነው።

በዚያው ሰሞን አዛውንቱ ፍራስኪቶ፣ ዕድሜ ልካቸውን ዘፋኝ ሲያጅቡ የኖሩት፣ አንድ ጊታር አዘዙት። ካሲሚሮም የመጨረሻዬ ይሁን ብሎ አባታችን ከጣሪያው ሥር አድርቀው የተዉልንን፣ ለጊታር ፊት የሚሆኑትን ሁለቱን ሳንቃዎች አወረደ። የመጀመሪያውን በጥቅምት ሲፍቀው፣ መጠኑን የሚነግረው ድምፅ አልሰማ ስላለው፣ ከልክ በላይ አቅጥኖት እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰነጠቀበት። ሦስት ቀን መሣሪያ ሳይነካ ተቀመጠ። በአራተኛው ቀን ወደ እኔ መጥቶ «አንተ መምህር፣ ጡረታ ወጥተህ ሥራ ፈትተሃል አይደል? ጆሮህን አበድረኝ» አለኝ።

የአባታችንን ትምህርት አልረሳሽም። ለዘፋኝ የሚሠራ ጊታር ቶሎ መናገር፣ ቶሎም ዝም ማለት አለበት። ሳንቃው ወፍራም ከሆነ ድምፁ እንደ ማር ይንጠባጠባል። ብቻውን ለሚጫወት ሰው ይህ መልካም ነው፤ ዘፋኝ ሲኖር ግን የሰው ቃል ላይ ይረግጣል። ስለዚህ ደጋፊ እንጨቶቹ ከውስጥ ከተጣበቁ በኋላ፣ ጀርባው ከመዘጋቱ በፊት፣ ካሲሚሮ ሳንቃውን በሁለት ጣት አንጠልጥሎ በሌላው እጁ የጣት አንጓ ያንኳኳል፤ እኔ የእጅ ሰዓቴን ጆሮዬ ላይ ይዤ ድምፁ እስኪጠፋ ስንት ምት እንደሄደ እቆጥራለሁ። ከሦስት ከበለጠ ይፋቃል፤ ሦስት ሲሆን ይዘጋል።

በየቀኑ በደብተር እየጻፍኩ ቆጠርኩለት። ሰባት፣ ስድስት ተኩል፣ ስድስት። በኅዳር መጨረሻ አንድ ሐሙስ አምስት ደረሰ። ሳንቃው ብርሃን ያሳልፍ ነበር፤ መፋቂያውን የያዘ እጁም ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሌላ ሳንቃ የለም፣ ይህም ከተሰበረ ሰውየው አብሮ ይሰበራል ብዬ ፈራሁ። «ስንት?» አለኝ። «ሦስት» አልኩት።

አርባ ዓመት ሙሉ፣ እህቴ፣ መልሱን ከጓደኛው የገለበጠ ልጅ ስቀጣ ኖሬአለሁ። እሱ ግን ደግሞ እንኳ አልጠየቀኝም። ሳንቃውን ሳመው፤ ሙጫውንም ሊያሞቅ ተነሣ።

በየካቲት መጀመሪያ፣ ሻማ በሚባረክበት በዓል ዕለት፣ ፍራስኪቶ አንዲት ዘፋኝ አስከትለው መጡ። ጊታሩን መቱት። ድምፁ ውብ ነበር፤ ችግሩም እሱ ነበር። ሴትዮዋ ሁለት ጊዜ ጀምራ ሁለት ጊዜ አቋረጠች፤ ጊታሩ ዝም እስኪልላት ትጠብቅ ነበርና። ሽማግሌው ሊያስከፉት አልፈለጉም። «ካሲሚሮ፣ ይህ ጊታርህ እንደ አማቴ ነው፤ እኔ ጨርሼ እሱ አይጨርስም» ብለው ሣቁና ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ካሲሚሮ እሳቸውን አላያቸውም፤ ወደ እኔ ዞረ።

«ስንት ነበር?»

«አምስት» አልኩት። ሳንቃው እንዳይሰበርብህ ብዬ ነው ልለው ጀመርኩ።

«ብሰብረውም እኔ ነበርኩ የምሰብረው» አለኝ። «የለመንኩህ ጆሮህን ነው፣ ኤውሎሂዮ። እዘንልኝ መች አልኩህ?»

በማግሥቱ የጊታሩን ጀርባ በጋለ ቢላዋ ከሙጫው አላቀቀ። እኔ ዳቦ ይዤለት ስደርስ የሥራ ቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነበር፤ ከውስጥ የሰርዲን ሻጯ የቪሲታ ድምፅ ይመጣል።

«ጋሼ ካሲሚሮ፣ እኔ እኮ ሰርዲን ሲንጣጣ ካልሆነ ሌላ ድምፅ አላውቅም» ትላለች።

«ለዚያ ነው የጠራሁሽ። ሰዓቱን ያዢና ቁጠሪ።»

«አምስት። ምን ታፈጥብኛለህ? አምስት ነው አልኩህ!»

ቀጥሎ የመፋቂያው ድምፅ መጣ፤ ረጅም ጊዜ፣ ደግሞ ዝምታ፣ ደግሞ መታ። አራት አለችው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አሁን ተሰነጠቀ ብዬ ጆሮዬን ደፈንኩ። እጄን ሳነሣ «ሦስት። በል ልሂድ፣ ዓሣዬን ድመት ሳይበላብኝ» ስትል ሰማሁ።

አልተሰነጠቀም። የሚንቀጠቀጠው እጁ ሳንቃው ላይ ሲያርፍ ሥራውን ያውቅ ኖሯል፤ ያላወቅኩት እኔ ነበርኩ። ፍራስኪቶ ጾም ሳይገባ ጊታሩን ወሰዱ። ጥሩ ሆኗል ይላሉ፤ እኔ አልሰማሁትም። ዳቦውን ደጃፉ ላይ አኑሬ ተመለስኩ።

አስታርቂን ብዬ አይደለም የምጽፍልሽ። አልተጣላንም። እሑድ እሑድ እንደ ድሮው አብረን ምሳ እንበላለን፤ ምስሩን ከራሱ አስቀድሞ ለእኔ ይጨልፋል፤ ስለ ጉልበቴ ይጠይቀኛል፣ ስለ አንቺ ይጠይቀኛል፣ ስለ ዘይት መወደድ ይጠይቀኛል። ውጭ አንድ ነገር የተሰማው ከመሰለው ግን ወደ ሌላ ሰው ዞሮ ምንድነው ይላል። ከእኔ በቀር ሰው ከሌለ ሳይጠይቅ ይተወዋል።

ሂኔስን ሳሉን በማርና በሎሚ ያክመው በይልኝ። ኒቬስን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ፤ የላከችልኝን የሒሳብ ደብተር አይቼ ሁለት ስሕተት ብቻ አግኝቻለሁ። ትንሹን ፓኮን ወንድሙን እንዳይመታ ምከሪው፤ ወንድሙን ቶማስን ደግሞ እንዳያሾፍበት። ለአማትሽም ለእመት ሮሳሊያ አክብሮቴን አድርሽ። ካሲሚሮ ለሁላችሁም ሰላም ብሏል፤ ይህን ያለኝ ፊቴን እያየ ነው።

ወንድምሽ ኤውሎሂዮ
ግራናዳ፣ ሬአሌሆ ሰፈር
መጋቢት 12 ቀን 1974