ለእንግዳ የተሰቀለው አጎበር

ልጄ፣ ዓይኔ፣ በደረስሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ፤ እጅሽ የነካው ይባረክ። እኔ ደህና ነኝ። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል፤ ታናሽሽም ፈተናውን አልፏል።

አባትሽን ወባ ይዞት ነበር። አትደንግጪ፣ አሁን ተሽሎት መነጫነጭ ጀምሯል። የምጽፍልሽ ሌላ ሰው ነግሮሽ "የላክሁላቸው አጎበር አይሠራም ማለት ነው" ብለሽ የለፋሽበትን እንዳትጠረጥሪ ነው። አጎበርሽ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

በስልክ "ትተኙበታላችሁ?" ስትዪኝ "እንዴታ!" ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ያን ናኖ የምትዪውን፣ በዓይን የማይታይ የመድኃኒት ቅንጣት ክሩ ውስጥ ያስገባሽበትን አጎበር መኝታ ቤት ማን ያይልኛል ብዬ ሳሎን መስኮት ላይ መጋረጃ አደረግሁት። እኔ ለመጣ ሁሉ "የልጄ ሥራ ነው" እያልኩ ጉራዬን ስነዛ፣ አባትሽ መኝታ ቤት ቢምቢ ይቀልብ ነበር።

ጤና ጣቢያ ነርሷ "አጎበር የላችሁም እንዴ?" ስትል መሬት መሬት አየሁ። አባትሽ በብርድ እየተንዘፈዘፈ "አለን፣ ግን ለእንግዳ ነው" አላት። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ።

አሁን አልጋችን ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሥራሽ ይቃናልሽ፤ ጤናሽን አይንሳሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አለቃሽ ስለ አጎበሩ ከጠየቁሽ እውነቱን ንገሪያቸው። "አንዲት ሴትዮ መጋረጃ አደረገችው" በያቸው። እናቴ ናት ብቻ አትበያቸው።