የጋሽ ጃርቴ ዝምታ የት ገባ?

ይድረስ ለተከበሩ የፊልም ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ አዲሱ ፊልምዎ የሚያብረቀርቅ፣ እንቅልፍዎም ያልተቆራረጠ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴና ከፊልምዎ በቀር የሚያመኝ ነገር የለም።

ልጆቻችን በቴሌቪዥን እያዩት ያደጉትን፣ እርስዎ ደግሞ አሁን ለሲኒማ ቤት ያበቁትን «ጋሽ ጃርቴ» የተባለውን ጃርት በእጃቸው ከሳሉት ሰዎች የአንዷ ባል ነኝ። እሷ ካረፈች ወዲህ ባል መባሉ ቢቀርብኝም ሌላ ማዕረግ ስለሌለኝ በዚሁ ይያዙልኝ። ፊልሙን ለሙከራ ባሳዩበት ዕለት እኔንም ልጄንም ስለጋበዙን እጅግ አመሰግናለሁ። ትምህርቴ ብዙ ባይሆንም፣ ቢሮ ያለ ቁጥር ቅሬታ አይሰማም ሲባል ስለሰማሁ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ስለ እሾሁ። በኮምፒውተር ያበቀሉለት እሾህ አንድ በአንድ በነፋስ ሲወዛወዝ በጣም ያምራል፤ ጉድጓድ ሲቆፍር ሳይሆን ፀጉር ቤት የዋለ ጃርት ይመስላል። የባለቤቴ ጃርት የተንጨባረረ ነበር። አንዲት እርምጃ እንዲራመድ ያን ሁሉ እሾህ በየወረቀቱ ደግማ ደጋግማ ስትስል እጇ ስለሚዝል፣ አንዳንዱ እሾህ ወደ ጎን ያጋድልባት ነበር። ይሁን፣ ይህንን አልፈዋለሁ። ጃርትም ቢሆን ቢያምርበት አልጠላም።

፪ኛ፦ ስለ ዝምታው። ይህንን ግን አላልፈውም። እርስዎ እንደሚያስታውሱት፣ ካላስታወሱም እንደሚነግሩዎት፣ ጋሽ ጃርቴ በየክፍሉ መጨረሻ ከሥራ ይገባል፣ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ያኖራል፣ ካሮቱ ፊት አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ረዘም አድርጎ ነው ዝም የሚለው። ከዚያ በኋላ ይበላል። መጀመሪያ የታየ ጊዜ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ቴሌቪዥኑ የቆመበት መስሎት ጀርባውን በጥፊ አጩሎት ነበር። እያደር ግን ልጆች ከጃርቱ ጋር አብረው አንገት መድፋት ለመዱ፤ እኔ ተቆጥቼም ለምኜም ገበታ ላይ ማምጣት ያቃተኝን ጸጥታ ጋሽ ጃርቴ አመጣልኝ።

ጸሎት ነው ብዬ ስላመንኩ በሚስቴ ስኮራ ኖርኩ። አንድ ቀን ይህንኑ ባነሳላት ሳቀችብኝ። እሱ ዝም እስካለ ድረስ አንዷን ሥዕል ካሜራው ፊት ማቆየት ይበቃል፣ አዲስ ወረቀትና አዲስ እሾህ የለም፣ እጄን የማሳርፈው ያኔ ነው አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ቅር ብሎኝ ሰነበትኩ። በኋላ ራሴን ስመረምረው፣ እኔም ከሥራ ገብቼ ማዕድ ፊት አንገቴን ስደፋ ምን ያህሉ ጸሎት፣ ምን ያህሉ ድካም እንደነበረ ለይቼ አላውቀውም። የሚሰማው ይለየዋል ብዬ ተውኩት።

በእርስዎ ፊልም ግን ጋሽ ጃርቴ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ አለቀ። ዛሬ ራሷ የልጆች እናት የሆነችው ልጄ ጨለማው ውስጥ በልማድ አንገቷን ደፍታ ቀና ስትል ሳህኑ ባዶ ሆኖ ጠበቃት። አባዬ፣ ጥሎን በላ እኮ ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። የሳቀች መስሎኝ ነበር፤ መብራት ሲበራ ግን ሳቅ አልነበረም።

፫ኛ፦ ስለ መልስዎ። በር ላይ አስቁሜ ብጠይቅዎ፣ ዝም ካለ ተመልካቹ ይሰለቻል፣ መሣሪያው የተበላሸም ይመስለዋል ብለው በትዕግሥት አስረድተውኛል። ለእኛ መጨነቅዎ አኩርቶኛል። ይሁንና ፊልሙ ሲጀምር የድርጅትዎ ዓርማ ያን ያህል ሲሽከረከር ማንም ተበላሸ አላለም፤ ሁላችንም በአክብሮት ጠብቀነዋል። ከሽክርክሪቱ ጥቂት ተቀንሶ ለጋሽ ጃርቴ ቢሰጠው ዓርማው የሚከፋው አይመስለኝም። ኮምፒውተርዎ ድካም እንደማያውቅ ተነግሮኛል፣ እንኳን ደስ አለዎት። ጋሽ ጃርቴ ግን ቀኑን ሙሉ ሲቆፍር የዋለ ነው፤ እሱ ይደክመዋል።

እንግዲህ ልመናዬ አንድ ነው። የሟቿ ስም በትልቁ ይጻፍ አልልም፣ እሾሁም እንደተበጠረ ይቅር። ፊልሙ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ያቺ ዝምታ ወደ ቦታዋ ትመለስ። የባለቤቴ እጅ ዕረፍት ያገኝ የነበረው እዚያ ብቻ ነውና እሱንም አይውሰዱባት።

የጊዜዎን ውድነት ከፊልምዎ ጥድፊያ በሚገባ የተረዳሁ፣ ሲኒማ ቤት ውስጥም ሆነ ውጭ ቆሞ መጠበቅ የማይታክተኝ አክባሪዎ፣

የሠዓሊዋ ባል

ከፊርማ በኋላ ያስታወስኩት፦ የባለቤቴን መሳያ ጠረጴዛ ሲኒማ ቤቱ መግቢያ ላይ በገመድ ከልለው፣ መንካት ክልክል ነው የሚል ጽፈው ሊያሳዩት እንደሚፈልጉ ጸሐፊዎ ደውላ ነግራኛለች። ዝምታው በተመለሰ ማግስት ራሴ ተሸክሜ አመጣዋለሁ። እስከዚያው ግን እራቴን የምበላው እሱ ላይ ነው። ብቅ ቢሉ ደስ ይለኛል፣ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ብቻ ከመብላታችን በፊት ትንሽ ይጠብቁኛል። ምናልባት ከዘገየሁብዎና የተበላሸሁ ከመሰለዎት፣ እንደ ልብስ ሰፊው ጀርባዬን በጥፊ ይበሉልኝ።