አንድ ጊዜ የተመዘነ

ከድንበር ኬላው
ሰኞ፣ ጥር 12

ይድረስ ለልጄ፣

ደህና መሆንሽን ከሾፌሮች እሰማለሁ። መውለድሽንም የሰማሁት ከእነሱ ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት ግን እርስ በርስ አይስማሙም። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልሽ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት፣ እዚህ የሆነውን ሬዲዮ እንደሚያወራው ሳይሆን እንደሆነው እንድታውቂው ብዬ ነው። ሬዲዮው «የሦስቱ አገሮች ታሪካዊ ስምምነት» ብሎ በሁለት ደቂቃ ተገላገለው። እኔ እዚያው ነበርኩ።

አንድ የጭነት መኪና ከባሕሯ አገር ተነሥቶ በእኛ በኩል እናንተ ጋ እስኪደርስ ሦስት ጊዜ እንደሚመዘን ታውቂያለሽ። የእኔ ሚዛን «በዝቷል፣ አውርድ» ይላል። የእናንተ ደግሞ «ጎድሏል፣ መንገድ ላይ ምን ሸጥክ?» ይላል። ሾፌሩ መሀል ቤት ይንገላታል። የመኪናው ሰልፍ አራት ቀን ደርሶ ነበር። ባለፈው ወር አንድ ሙሉ መኪና ቲማቲም ኬላዬ በር ላይ በስብሶ ተደፋ።

ይህን አይተው ነው ከሩቅ ያሉ ሁለት ትልልቅ መንግሥታት የመጡት። አንደኛው ለእኛ፣ ሌላኛው ለእናንተ፣ «አዲስ ሚዛን በነጻ እንትከልላችሁ» አሉ። ነጻ የሚባል ነገር ስሰማ ደረሰኙን ፍለጋ የምዞር ሰው ነኝ። ጠያይቄ ደረስኩበት፤ የአንዱ ሚዛን ወረቀት በሌላው ዘንድ አይታወቅም። ቁጥሩም የሚያድረው እነሱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ነገ ሁለቱ ሲኳረፉ ድንበራችን ይዘጋል፣ በማናውቀው ኩርፊያ የእኛ ቲማቲም ይበሰብሳል ማለት ነው።

ሦስቱ አገሮች የመጨረሻ ሙከራ ብለው ባለፈው ሐሙስ እዚሁ ጉምሩክ መጋዘን ተሰበሰቡ። የእኛን ወገን የመራችው አምባሳደር ዕድሜዋ ካንቺ ብዙ አይበልጥም። አትጮህም፤ ትጽፋለች። ሐሳቧ አጭር ነበር፦ አንድ ጊዜ የተመዘነ ዳግም አይመዘን፤ የአንዳችንን ወረቀት ሌሎቻችን እንመን። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተስማሙ ግን የእናንተ ሰዎች ከአንዱ ትልቅ፣ የእኛዎቹ ከሌላው ጋር ሊፈርሙ ተዘጋጅተዋል። የትልልቆቹ መልእክተኞች ከኋላ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ ሰዓታቸውን እያዩ ተቀምጠዋል።

«ድር ቢያብር» ተባለ። ይህ ነገር ሁሉም ስብሰባ ላይ ይባላል፤ አንበሳው ታስሮ ግን አይቼ አላውቅም። ወዲያው ጠቡ መጣ። «ሚዛናችሁ ሌባ ነው!» «የእናንተ ነው እንጂ!» የእናንተ ከተማ መዛኝ፣ ሾፌሮች ሚስማሩ የሚሉት ከሲታ ሰውዬ፣ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። እኔም ቀሰርኩ።

የባሕሯ አገር ሰዎች ሃያ ብረት ጭነው መጥተው ነበር። እያንዳንዱ አምስት መቶ ኪሎ ነው፣ ማኅተም አለበት። «ይህ አሥር ቶን ነው። የማን ሚዛን ይቅደም?» አሉ። የእናንተ ሰዎች የእኛን አሉ፣ የእኛዎቹ የእናንተን አሉ። እኔ ብድግ አልኩ። «የእኔ ይቅደም። አርባ አንድ ዓመት ያለማንም አስተማሪ ያቆምኩት ሚዛን ነው። አይተው ይፈሩ!» አልኩ።

መጋዘኑ በር ፊት ያለው ሚዛኔ ላይ ብረቱ አንድ በአንድ ወጣ። ሚዛኔ አሥር ሺህ አንድ መቶ ሃያ አለ።

ድጋሚ አስመዘንኩ። አሥር ሺህ አንድ መቶ ሃያ።

ቁጥሩን እንዳየሁ ምክንያቱ ገባኝ። ሚዛኔን በየዓመቱ ጥር ላይ የምፈትሸው በኬላው የውሃ ቦቴ ነው። ቦቴዋ ባዶዋን ሰባት ሺህ አራት መቶ ኪሎ ነበረች። ሚዛኑ ከዚያ በታች ካሳየ ብሎኑን አጥብቄ ወደዚያው እመልሰዋለሁ። ዘዴው የራሴ ፈጠራ ነው፣ እኮራበት ነበር። ቦቴዋ ግን አርጅታለች። ተቀያሪ ጎማዋን ካወረድንላት ዘጠኝ ዓመት ሆነ። የመሣሪያ ሣጥኗ ወልቋል፣ ወለሏን ዝገት በልቶታል። እሷ እየቀለለች ስትሄድ እኔ ሚዛኑን ሳከብደው ኖርኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

የጉምሩኩ ኃላፊ ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ፣ «ጋሼ፣ ብረቱ ጭቃ አለበት ይበሉ። እስኪታጠብ ሰዓቱ ያልፋል፣ ሌላ ምንም አይጠበቅብዎትም» አለኝ። እውነትም ጥቂት ጭቃ ነበረበት። ከኋላ አንደኛው መልእክተኛ ፈገግ ሲል አየሁት። ያ ፈገግታ ነው ያቆመኝ።

«ብረቱ ልክ ነው» አልኩ፣ መጋዘኑ ሁሉ እንዲሰማ። «የተሳሳተው የእኔ ሚዛን ነው። ያሳሳትኩትም እኔ ነኝ፣ በእነዚህ እጆቼ። ‹ጭነትህ በዝቷል› ብዬ ካስወረድኳቸው ውስጥ ብዙዎቹ እውነታቸውን ነበር።»

ከዚያ ሚስማሩ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣና፣ «ጋሼ አይነቃነቅ ተነቃነቁ!» ብሎ ጮኸ። ሾፌሮች ያወጡልኝን ስም እስከዚያ ቀን ፊት ለፊቴ የጠራው የለም። መጋዘኑ በሳቅ አውካካ፤ ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ሚስማሩ ኮፍያውን አወለቀ። «እንግዲህ እሳቸው ከተናዘዙ እኔን ማን ይምረኛል? የእኔ ሚዛን ደግሞ ቀላል ነው፣ አጉድሎ ይመዝናል። ካወቅሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ከእሳቸው በፊት አልናገርም ብዬ እልህ ይዞኝ ነው» አለ።

አምባሳደሯ ያኔ ነው የተነሣችው። «ሁለቱንም ማንም አላስገደዳቸውም» አለች። «ስሕተቱን ከሚደብቅ አዲስ ሚዛን ስሕተቱን የሚናገር መዛኝ ይሻለኛል። እኔ የእነዚህን ሰዎች ወረቀት አምናለሁ። እናንተስ?»

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ፈረሙ። ብረቶቹ በየሦስት ወሩ በሦስቱ ኬላ ይዞራሉ፤ የአንዱን አገር ሚዛን የሌላው አገር መዛኝ ይፈትሻል። ከዚያ ወዲያ አንድ ጊዜ የተመዘነ ዳግም አይመዘንም። ፈገግ ያለው መልእክተኛ፣ «ሚዛናችንስ?» ብሎ ጠየቀ። «ብትሰጡን እንቀበላለን፤ በብረታችን ፈትሸን» አለችው አምባሳደሯ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ዓርብ ብረቱ ላይ እያየን ሚዛኔን አስተካከልነው። ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያው መኪና ከወደብ ተመዝኖ መጣ። ወረቀቱን አየሁ፣ ማኅተም መታሁ፣ አሳለፍኩት። አራት ቀን ይፈጅ የነበረው አራት ደቂቃ ፈጀ። ሾፌሮቹ ጥሩምባቸውን ለቀቁት። «ጥሩምባ ክልክል ነው» የሚለውን ሰሌዳ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ያን ቀን ግን ማንንም አልተቆጣሁም።

አሁን ደግሞ ይህን ስሚ። ትናንት የድሮ የሚዛን ወረቀቶችን አወጣሁ። ሠርግሽ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባልሽ ሲሚንቶ ጭኖ ያለፈበትን አገኘሁት። ሕጉ ሠላሳ ቶን ነው። ሚዛኔ ሠላሳ ቶን ከሁለት መቶ ኪሎ ብሎ ነበር። ሾፌር ሁሉ ቆሞ እያየ አራት ከረጢት አስወረድኩት፣ ቀጣፊም አልኩት። «አባባ፣ ወደብ ላይ ልክ ነበር» ሲለኝ «ሚዛን ያታለለ ልጄንም ያታልላል» አልኩት። ሠርግሽም ላይ አልተገኘሁም። አሁን የሚዛኑን ስሕተት ቀንሼ አሰላሁት፤ ሠላሳ ቶን አይሞላም። ሦስት ጊዜ አሰላሁት። ስሌቱን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ማባዛትና ማካፈል ያስተማርኩሽ እኔ ነኝና አንቺም አስዪው።

የእናንተን ከተማ ሚዛን እንድፈትሽ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ሊልኩ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ብረቶቹ የሚመጣው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። እስኪወርዱ ድረስ ሥራ የለኝም።

ከመጣሽ ሕፃኑን ነፋስ እንዳይመታው ሸፍነሽ አምጪው። ዕድሜው ከእኔ ይርዘም፤ ጠባዩ ከእኔ ይለስልስ። ቤታችሁ ሙሉ፣ መንገዳችሁ ክፍት ይሁን።

ባልሽንም ጭነት ኖረውም አልኖረውም ወደ ሚዛኑ ይምጣ በይው። ሾፌሮቹ ተሰልፈው ባሉበት የምነግረው አለኝ። እዚህ ልጽፈው ጀምሬ ሰረዝኩት፤ ያዋረድኩት በደብዳቤ አይደለም።

አባትሽ