የእናትን ወንድም በፈቃድ ቅጹ ላይ ያስገቡት አቶ ካሱባ ንጋንድዌ ዐረፉ

በኪትዌ ከተማ የሰሜን ጉድጓድ መዳብ ማዕድን ሠራተኞች ማኅበር፣ የኩባንያው የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ አቶ ካሱባ ንጋንድዌ ማክሰኞ ጠዋት በልብ ሕመም ማረፋቸውን ለአባላቱና ለከተማው ሕዝብ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። በፍርሃትም ነው፤ ይህን መደበቅ አልቻልንም። ማኅበራችን ለአሠሪ ወገን ሰው የሐዘን መግለጫ ሲያወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

አቶ ካሱባ በ1989 እ.ኤ.አ. ከመሬት በታች ቆፋሪ ሆነው ሥራ ጀመሩ። በ1997 ክንዳቸው ተጎድቶ ወደ ቢሮ ተዛወሩ።

በ2004 ማዕድኑ ለውጭ ባለሀብቶች ተሸጠ። ከባሕር ማዶ የመጣው ደንብ ለቀብር ከሥራ የመቅረት ፈቃድ የሚያሰጡ ዘመዶችን ሲዘረዝር የትዳር ጓደኛን፣ ወላጅንና ልጅን ብቻ ጠራ። እኛ ዘንድ ግን የእናት ወንድም ሲሞት አፈር የሚያለብሰውም ስሙን የሚወርሰውም የእህት ልጅ ነው። አቶ ካሱባ ሦስት ወር ተከራክረው አልሆን ሲላቸው አጎትን “አባት” እያሉ መመዝገብ ጀመሩ። አንድ ባልደረባችን በስድስት ዓመት ሦስት አባት ቀበረ። ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሲጠይቋቸው፣ “እናንተ አገር አባት አንድ ይሆናል፤ እኛ ጋ ይበዛል፣ ምን ላድርግ?” ብለዋቸዋል።

በ2021 ፈቃድ በኮምፒውተር ብቻ እንዲጠየቅ ታዘዘ። ኮምፒውተሩ የከለከለውን እሳቸው በፊርማቸው ያሳልፉት ነበር። ከእንግዲህ ማን እንደሚፈርምልን አናውቅም።

ረቡዕ ዕለት የእህታቸው ልጅ፣ የፈንጂ ክፍል ባልደረባችን ሎምቤ ካሶንዴ፣ እሳቸውን ለመቅበር ፈቃድ ጠየቀ። በአራት ደቂቃ ውስጥ “ዝምድናው በዝርዝሩ ውስጥ የለም” የሚል መልስ መጣለት። በደንቡ መሠረት ያለ ፈቃድ አንድ ፈረቃ የቀረ ሠራተኛ ወዲያውኑ ይሰናበታል። ሎምቤ የአራት ልጆች አባት ነው። “ካልቀበርኳቸው እናቴን በምን ዓይኔ አያታለሁ? ከሄድኩ ደግሞ ልጆቼ ምን ሊበሉ ነው?” ሲል ለማኅበራችን ኮሚቴ አመልክቷል። የኮሚቴው አባላት ማመልከቻውን እየተቀባበልን አነበብን። እያንዳንዳችን የየራሳችንን ልጆች እያሰብን ነበር።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ናምፓሳ፣ ለእህታቸውና ለቢሮ ባልደረቦቻቸው መጽናናትን እንመኛለን። ሎምቤን ግን በወረቀት አናጽናናውም። ዓርብ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ቀብሩ ሲፈጸም፣ ሰባታችን የኮሚቴ አባላት ፈረቃችንን ትተን ከጎኑ እንቆማለን። ፈቃድ አልጠየቅንም። በጣም ፈርተናል። የሚያሰናብተን ሰው በፍለጋ እንዳይደክም የሰባታችንም ስምና የሠራተኛ ቁጥር ከዚህ መግለጫ ጋር ተያይዟል።