ማንም ያልበላው አጋዘን

ውድ ኪሩ፣

ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነው። የአንተን የምጠይቅበት መንገድ ስለሌለኝ የእኔን ልንገርህ። ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጠዋት ወደ እንጦጦ የሚወጡት ታክሲዎች ሲያንባርቁ እነሳለሁ። ከዚህ ሌላ የሚሰማኝ ነገር የለም። ኮልፌ ስንቀብርህም አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ "ጓደኛው እኮ ነው" እያለ ሲያየኝ አፍሬ ፊቴን በጋቢ ሸፍኜ ቆምኩ።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ አንድ አጋዘን ነው። ለሌላ ሰው ባወራው ይስቅብኛል። አንተም ትስቅ ነበር፤ ያንተ ሳቅ ግን አያስከፋኝም።

ያ የቆላ ጎሽ አንተን ከገደለህ በኋላ ቢኒያም ቤትህ መጣ። አለቃችን አይደል፣ መምጣት ነበረበት። ስኳርና አንድ ፖስታ ይዞ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ከቶይባ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ለአደን የመጣው ፈረንጅ ጎሹን ለመግደል ስንት እንደከፈለ ታውቃለህ፤ ለፈቃዱ፣ ለመኪናው፣ ለድንኳኑ፣ እኔ ቆዳው ላይ ለምነሰንሰው ጨው እንኳ ሳይቀር። በዚያ ገንዘብ ሽሮ ሜዳ ላይ ሱቅ ከነዕቃው ይገዛል። ፖስታው ግን ቀጭን ነበር። ባለቤትህ አልከፈተችውም።

ሲወጣ ተከተልኩትና "የኪሩን ቦታ ለእኔ ስጠኝ" አልኩት።

"አንተ ቆዳ ገፋፊ ነህ። ዱካ ታውቃለህ እንዴ?"

"ይህን ሁሉ ዓመት ከኪሩ ኋላ ስሄድ ምን ሳይ የኖርኩ ይመስልሃል?"

እሺ አለኝ። ፈረንጆቹ ለመንገድ መሪው የሚሰጡትን ጉርሻ ከቶይባ ጋር እኩል ልካፈል ነበር ሐሳቤ። በዚያ ሁለት ቤት ይቆማል ብዬ ነበር። ስነግራት "አላህ ይስጥህ" አለችኝ።

እናም ታህሳስ ላይ ያለ አንተ ባሌ ወጣን። የሁለታችንን ነገር ታስታውሳለህ። ፈረንጅ የሚፈልገው የአጋዘኑን ጭንቅላት ከነቀንዱ፣ እስከ ትከሻው ድረስ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ነው። ስለዚህ አንገቱን ቢላ እንዲነካው አይፈልግም። የአገሬው ሰው የሚፈልገው ደግሞ ሥጋውን ነው፤ ነፍሱ ሳትወጣ በሙስሊም እጅ ካልታረደ ግን አይበላውም። አንተ ሁለቱን ታስታርቅ ነበር። ጥይቱ እንደጮኸ፣ ፈረንጁ ትንፋሹን ሳይሰበስብ ሮጠህ ትደርስና ታርዳለህ። እኔ ከኋላ ደርሼ አንገቱን አጥፌ እሸፍንልሃለሁ፤ በኋላ ስገፍፈው ከውስጥ በኩል እሰፋዋለሁ። አንድም ፈረንጅ ነቅቶብን አያውቅም። ቢኒያም ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ ሥጋው ሲከፋፈል ዘወር ብሎ ሲጋራ ያጨስ ነበር።

የዘንድሮው እንግዳ ሽማግሌ ነበር። ደግ ሰው፣ ከኪሱ ከረሜላ አይጠፋም። ሲተኩስ ሆዱን መታው። አጋዘኑ ትንሽ ሮጦ ቁጥቋጦ ውስጥ ወደቀ። ሮጥኩ፤ ግን ጉልበቴን ታውቀዋለህ፣ እንደ አንተ መሮጥ አልችልም። ስደርስ ዓይኑን ገልጦ ያየኛል፣ ጎኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ሼህ ኑሕና የመንደሩ ሰዎች ጆንያ ይዘው ዳገቱን ሲወጡ ይታዩኛል፤ ገና ሩቅ ናቸው። ዘንድሮ ዝናቡ ቀርቶባቸው ገብሱ አልያዘላቸውም። እነሱ እስኪደርሱ ይሞታል። ከሞተ ደግሞ አለቀ።

ምን እንዳሰብኩ አላውቅም። ያሰብኩም አይመስለኝም። ቢላዬን አወጣሁ፣ አንተ እንደምታደርገው ወደ ቂብላ አዞርኩት፣ አንተ ስትል እንደሰማሁት "ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር" ብዬ አረድኩት። ቀና ስል ፈረንጁ ከጀርባዬ ቆሟል። ዝቅ ባለ ድምፅ ለቢኒያም የሆነ ነገር አለው።

"አጥናፉ፣ ምን ነካህ?" አለኝ ቢኒያም።

"እሰፋዋለሁ።"

"አይቶታል እኮ። የተሰፋ አንገት ቤቴ አልሰቅልም ነው የሚለው።"

ሼህ ኑሕ ያኔ ደረሱ። እያለከለኩ አጋዘኑን አዩት፣ ቢላውን አዩት።

"ማን አረደው?"

"እኔ ነኝ፣ ሼሁ።"

አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ አዩ።

"ቢስሚላህ ብያለሁ። ወደ ቂብላም አዙሬዋለሁ" አልኳቸው።

ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። "አውቃለሁ ልጄ። ሐሳብህን አላህ ይይልህ። እኛ ግን አንበላውም።"

ጆንያቸውን አጣጥፈው ተመለሱ። ከኋላ የነበረ አንዱ "እሱ ራሱ ይብላዋ" ሲል ሰማሁት። እኔ ደግሞ የገና ጾም ላይ ነበርኩ። ጾም ባይሆንስ፣ ቢስሚላህ ተብሎ የታረደ ሥጋ መቼ ለእኔ ይሆናል? እዚያው ቀረ። ጠዋት ስናልፍ ጅብ ጨርሶታል። በዚያች ሰዓት ቃሉ ብቻ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። ይህን ያህል ጊዜ አብሬህ ኖሬ፣ የማን እጅ እንዳረደውም እንደሚያዩ እያወቅኩ እንዴት እንደጠፋኝ እንጃ።

ያለ ምንም ጉርሻ በአይሱዙ ተጭኜ ጉለሌ ገባሁ። ቶይባ ጋ ለመሄድ እግሬ እሺ አላለኝም። እንዲህ ተኮራምቼ ሳለሁ ቢኒያም ደወለ። "ያለፈው አልፏል። ጎሽ የሚፈልግ እንግዳ አለኝ፣ ቆላ እንወርዳለን። አንገት እንዳትነካ ብቻ" አለኝ። አንተ የሞትክበት ቆላ ነው። ምንም አልተሰማኝም። እሺ ልለው ነበር፤ መጀመሪያ ለቶይባ ልንገራት ብዬ ሄድኩ።

ግቢ ውስጥ ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። አልሳቀችም።

"ሥጋውን ማንም አልበላውም?"

"ማንም።"

"ኪሩን የገደለውንስ ጎሽ ማን አረደው?"

"ማንም አላረደውም። ሁላችንም ኪሩ ላይ ነበርን።"

"ጭንቅላቱስ?"

"ሄደ። ፈረንጁ ወሰደው።"

"ማን ገፈፈው?"

ኪሩ፣ ይህን እስከዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም። "እኔ" አልኳት። አስከሬንህን የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ድረስ፣ አንተን ከሸፈንንበት ሸራ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው የገፈፍኩት። ቆዳው እንዳይበላሽ ጨውም በደንብ ነሰነስኩበት። ይህንንም ነገርኳት።

የያዘችውን ልብስ ጨምቃ ገመድ ላይ አሰጣችው። ፊቷን ሳታዞር "ከሄድክ ሂድ" አለችኝ። "አንተም ቤት አለህ፣ አልፈርድብህም። የእኔን ግማሽ ግን እንዳታመጣ። ልጆቼን በእሱ አላበላም።"

ከግቢው ወጥቼ አጥሩ ጥግ ቆምኩና ለቢኒያም ደወልኩለት። አልሄድም አልኩት። "በቃ?" አለኝ። "በቃ" አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ደስም አላለኝ፣ አልከፋኝምም። ነገ ምን እንደምሠራ አላውቅም። ቶይባ ጋ ግን ባዶ እጄንም ቢሆን እየሄድኩ እጠይቃታለሁ። ለቅሶህ ገና አልመጣልኝም፤ ሲመጣ ግን ቆዳ ላይ ጎንበስ ብዬ አያገኘኝም።

ወንድምህ
አጥናፉ
ጉለሌ