ጥያቄዎቹን የነገርኩዎት እኔ ነኝ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ እንደ አባት ላሳደጉኝ ለጋሼ ክሪሳንቶ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እጅዎን ግንባሬ ላይ አድርጌ በረከትዎን እለምናለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ዝናብ ሲጀምር ጉልበትዎን ይቆረጥምዎት ነበር፤ ዘንድሮስ ተሻለዎት? ባለቤትዎ እትዬ ሚርናስ እንዴት ናቸው? እማዬ ከዓይን ቀዶ ጥገናው ወዲህ ክር በመርፌ ማስገባት ቻለች? ማዕበሉ በእናንተ በኩል አለፈ ሲባል ሰምቼ፣ ጣራውን ይዞት ሄዶ ይሆን እያልኩ ሰነበትኩ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አካሌ ማለቴ ነው።

ስልኩን ከዘጉብኝ ሁለት ወር ሆነ። ደጋግሜ ብደውል አላነሱም። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብዎ። እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ፤ ከዚያ ቢፈልጉ ይቅደዱት።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ሸርጣን የምናዘጋጅበት ፋብሪካ፣ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ለብቻው፣ በር ተዘግቶ፣ በገዛ ቋንቋው እንዲጠየቅ አምና ደንብ አውጥቷል። ማን አመጣህ? ለመቀጠር ምን ሰጠህ? የተነገረህና ያገኘኸው ሥራ አንድ ነው? ፓስፖርትህ የት ነው? ሰው እንደ ዕቃ ተሸጦ እንዳይመጣ ነው ይህ ሁሉ። ስምንት ዓመት ሸርጣን ስፈለፍል ከኖርኩ በኋላ፣ የአገሬን ልጆች እንድጠይቅ ወደ ቅጥር ቢሮ ያስገባችኝ አለቃዬ ኮሌት ናት። የዚሁ የባሕር ዳር ሰው ናት፤ እናቷም ያረጀችው እዚሁ ፋብሪካ ውስጥ ነው። «ቅጽማ ማንም ይሞላል፤ አንቺን የፈለግኩሽ ሲዋሹ እንድታውቂባቸው ነው» ትለኛለች።

በኤፕሪል ወር አሥራ ሁለት ሴቶች መጡ፤ ሁሉም የደሴታችን የፓናይ ልጆች። እርስዎ ለመንደሩ ልጆች ሥራ እንደሚያፈላልጉ አውቅ ነበር። ወደ እኛ ፋብሪካ እንደሚልኩ ግን አልነገሩኝም።

ሥራ በጀመሩ በሳምንቱ አሥራ አንዱ ተራ በተራ ገብተው ያው አንድ መልስ ሰጡኝ። «ምንም አልሰጠሁም። ሥራው የተባልኩት ነው። ፓስፖርቴ በእጄ ነው።» እንደ ጸሎት በቃል የተጠና። ሆዴ አልወደደውም። መጨረሻ የገባችው ሮሰል ነበረች፤ ከወንዙ ማዶ ማንጎ የሚሸጡት ሴትዮ ልጅ። እሷም ያንኑ ደገመችልኝ። «እንግዲያው ነገ ፓስፖርትሽን ይዘሽልኝ ነይ» አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ።

«እትዬ ኤርሊንዳ፣ ለምን ይፈትኑኛል? ያውቁ የለም እንዴ?» አለችኝ።

«ምኑን?» አልኳት።

«ያስጠኑን ጋሼ ክሪሳንቶ አይደሉ? ‹እህቴ ይህን ይህን ትጠይቃችኋለች፣ እንዲህ በሏት› አሉን። እኛማ እርስዎም ያሉበት መስሎን…»

ጋሼ፣ ቢሮ የገባሁ ሰሞን፣ ለገና ደውዬ የምጠይቀውን ሁሉ አንድ በአንድ የዘረዘርኩልዎት ትዝ አለኝ። «ዳኛ ሆንሽ በይኛ!» ብለው ስቀው ነበር። እኔ ወንድሜ ኮራብኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሮሰል ከዚያ በኋላ አልደበቀችኝም። የፈረመችው አረጋውያን ልትጦር ነበር። ልትሳፈር አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ የእርስዎ ሰዎች ሌላ ወረቀት ሰጥተው «ፈርሚ፣ አለዚያ ቦታሽን ለሌላ እንሰጠዋለን» አሏት። እዚህ ሲደርሱ ደግሞ ቤት የሚያከራያቸው የእርስዎ ሸሪክ «እንዳይጠፋባችሁ» ብሎ ፓስፖርታቸውን ሰበሰበ። ለመቀጠሪያው ክፍያ መያዣ የተሰጠው የእናቷ የማንጎ ቦታ ካርታ በእርስዎ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። «ከሥራው ብትወጪ እናትሽ ከቤቷ ትወጣለች» ብለዋታል። ይህን የአንዲት ሴት ወሬ ነው እንዳይሉኝ፤ በኋላ እንደገና ሲጠየቁ ሌሎቹም ያንኑ ተናገሩ።

ምሳ ሰዓት ነበር። ቅጹን ይዤ ጀልባዎቹ ወደታሰሩበት ወረድኩ። የሮሰልን መልስ እንደ ሌሎቹ አድርጌ ብሞላው ማንም አያውቅብኝም። እርስዎን አሰብኩ። አባታችን ባሕር ውስጥ ሲቀር አሥራ ስድስት ዓመትዎ ነበር። እርስዎ ትምህርቱን ጥለው መረብ ጎተቱ፣ እኔ ደብተር ያዝኩ። ገመዱ የቆረጠውን መዳፍዎን ጨው ውሃ ውስጥ ነክረው «አያምም» ይሉኝ ነበር። የዚህን ሰው ስም በየትኛው እጄ ልጻፍ? ደግሞ ሮሰልን አሰብኩ፤ እጆቿ በረዶ ውስጥ ውለው አብጠው፣ እኔን ሲያዩ ከጠረጴዛው ሥር ይደበቃሉ።

እስከ ዛሬ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎት። እኔም ስመጣ እንዲሁ ነበርኩ። መጀመሪያ ልጅ አሳድግለት የነበረው ሰውዬ ፓስፖርቴን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ፣ ሁለት ዓመት ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሳልሄድ ኖርኩ። እርስዎ ሲደውሉ «ደልቶኛል» እል ነበር፤ እንዳያዝኑብኝ ብዬ። የላክሁልዎት ፎቶ ላይ ያለው ሳሎን የእሱ ነው። ምናልባት መንገዱ ቀና የመሰለዎት በእኔ ዝምታ ይሆን? ከሆነ ከጥፋቱ ድርሻዬን አልክድም።

ኮሌት ዘንድ ገብቼ «ያመጣቸው ወንድሜ ነው» አልኳት። መነጽሯን አወለቀች። «ሌላ ሰው ይጻፈው፤ አንቺ ከዚህ ውጪ» አለችኝ። «የለም፣ ነገ ማን አሳጣው ቢሉ ሌላ ሰው እንዳይወቀስ እኔው ልጻፈው» አልኳት። ጻፍኩት። ስምዎን ስጽፍ ፊደሉን ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ።

በሳምንቱ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች መጥተው ፓስፖርቶቹን ከሸሪክዎ ቤት አወጡ። እያንዳንዷ ስሟ ሲጠራ ተቀበለች። ፋብሪካው ሠራተኛ ከሚያቀርበው ከእናንተ ድርጅት ጋር የነበረውን ውል አፈረሰ፤ ሴቶቹም የትም መሥራት የሚያስችል ፈቃድ ወጥቶላቸው፣ የፈለገች ቆየች፣ የፈለገች ሌላ ሥራ ያዘች። ሮሰል አረጋውያን መጦሪያ ገብታለች። ሁሉም ግን አላመሰገነኝም። ናርሲሳ የምትባል ሦስት ልጆች ያሏት ሴት መመገቢያው ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ «አንቺማ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ጽድቅ አማረሽ፤ ነገ ካርታችንን ቢሸጡት ልጆቼን ቢሮሽ ላሳድራቸው?» አለችኝ።  ከእንግዲህ የፓናይን ልጆች ሌላ ሰው እንዲጠይቅ ተወስኗል። ትክክል ነው።

እርስዎም ወሬው እንደደረሰዎት ደውለው «ለደሃ ሥራ ማስገኘት ወንጀል ሆነ? አንቺን ለሰው ያደረስኩሽ እኔ አይደለሁም? እህት የለኝም!» ብለው ዘጉት። ያደረሱኝስ እርስዎ ነዎት። ሰው አድርገው ስላሳደጉኝ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። የናርሲሳ ፍርሃት እውነት እንዳይሆን፣ ካርታዎቹን አውጥተው፣ ሰው ሳይልኩ፣ ራስዎ በየደጃፉ ሄደው ለባለቤቶቹ ይመልሱ። ከዚያ ፖሊስ መጥቶ እስኪወስድዎ ሳይጠብቁ በእግርዎ ወደ ሕግ ይቅረቡ። ለምስክርነት ጠርተውኛል፤ እሄዳለሁ። ያደረጉትን እናገራለሁ። መልሰው ከሆነም መመለስዎን እናገራለሁ።

እትዬ ሚርናን በእኔ ምክንያት ገበያ መውጣት አፍረው ከሆነ ይቅርታ ይጠይቁልኝ። እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ፤ ከሰው አፍ ከምትሰማ ይህን ደብዳቤ ያንብቡላት። ትንሹ ልጅዎ ዲንዶ ጥርሱን እንደነቀለ ሰምቻለሁ፤ አይዞህ፣ ይበቅላል ይበሉት። ልጅዎ ማይሊን ዱባይ ሆቴል ልትቀጠር ነው አሉ። ይሳሙልኝ። አልከለክላትም። ግን የምትፈርመውን ወረቀት ሳታነብ እንዳትፈርም፣ ፓስፖርቷንም ለማንም እንዳትሰጥ አደራ ይበሏት፤ ለእርስዎም፣ ለእኔም ቢሆን።

እህትዎ ኤርሊንዳ
ኒው ብራንስዊክ፣ ካናዳ
ጁላይ 14 ቀን 2023