አለቃውን ስለ መግደላችን የቀረበ ትሑት ማብራሪያ

ጥር 2009 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ እንዳላማው
የቀጠናችን የጸጥታ አስተባባሪ
ደብረ ማርቆስ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ እንዲሁም ከየአጥራችን ሥር የማይጠፋውን የጆሮዎን ብርታት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጥበቃዎ ሥር ደኅና ነን። መኪና በደጃችን ባለፈ ቁጥር ትንፋሻችንን ከመያዛችን፣ እናቴም ስልክ በጮኸ ቁጥር በእጇ ያለውን ከመጣሏ በስተቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው አድርጌ መጻፌ ለድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ። ደፋር አይደለሁም፤ ደጅ ደጁን እያየሁ ስጽፍ ጽሑፌ ከተማሪዎቼ ጽሑፍ ብሶ ስለተገኘ ደጋግሜ ቀድጄ ጽፌዋለሁ። ይሁን እንጂ ለቢሮዎ ብቻ የገባ ማመልከቻ መዝገብ ቤት ደርሶ ዕረፍት እንደሚያደርግ ከዚህ ቀደም ስላየሁ፣ ይህኛው ብዙ ዓይን እያጀበው ቢደርስዎ መልካም መስሎኛል።

እስከዳር ወልደጊዮርጊስ እባላለሁ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ በጣቢያ እያስተናገዱልን ያሉት አምደሚካኤል ታናሽ ወንድሜ ነው። የተያዘውም በፀጉር ቤት ተራ ሲጠብቅ በስልክ «አለቃው ዛሬ ከምሳ በኋላ ይነሣል፤ እንደተነሣ እንገድለዋለን፤ ወርቁን እንካፈላለን፤ ማኅበሩ ይዘጋጅ፤ ፈዋሿን እኔ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ በመናገሩ ነው። ቃሉን አልክድም፣ ብሏል። ከፊቱ ወንበር ላይ ሲስተካከሉ የነበሩት ጎረቤታችን አቶ ሙላትም ግማሽ ራሳቸው ተላጭቶ ግማሹ እንደቀረ፣ ፎጣውን ባንገታቸው እንዳደረጉ ወደ ቢሮዎ ሲሮጡ መንገደኛው ሁሉ አይቷቸዋል። ለዚህ ትጋታቸው ምስጋናዬ ይድረሳቸው፤ ፀጉር አስተካካዩም ፎጣውን በጉጉት ይጠብቃል።

የስልኩ ኢንተርኔት ተዘግቶ በኢንተርኔት ቤት በመስመር የሚመጣው ብቻ በቀረበት፣ ሦስት ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ማውራት በሚፈራበት በዚህ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወቅት «እንገድለዋለን» የሚል ቃል ጮክ ብሎ መናገር ሞኝነት መሆኑን ከማንም በፊት የማምነው እኔ ነኝ። ስለዚህ ክቡርነትዎን ሳላሰለች ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

አለቃው ሰው አይደለም። በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ፣ ቁመቱ እንደ ዝግባ የሆነ፣ በዋሻ ውስጥ ባለ የድንጋይ ዙፋን ላይ የሚቀመጥ አውሬ ነው። ከየአገሩ በኢንተርኔት የተገናኙ ተጫዋቾች ተሰባስበው ይገጥሙታል፤ ሲሞት ወርቅ ይጥላል። ጥቂት ሰዓታት ቆይቶም እንዳልሞተ ሆኖ ከዚያው ዙፋን ላይ ይገኛል፤ ተጫዋቾቹም ተመልሰው ይገድሉትና ወርቁን ያፍሳሉ። ሥራው ይኸው ነው፤ መግደል፣ መልቀም፣ እስኪነሣ መጠበቅ፣ ደግሞ መግደል። ወርቁ በጨዋታው ውስጥ የጦር ልብስና ሰይፍ ይገዛል፤ በእኛ ገበያ ግን አንድ ራስ ሽንኩርት አይገዛም። የሚገርመው አለቃው ይህን ያህል ጊዜ ሞቶ አንዳች ነገር አለመማሩ ነው። ሁልጊዜ በዚያው እጁ ይማታል፣ ሁልጊዜ በዚያው ጎኑ ይወድቃል፣ ተመልሶም በዚያው ወንበር ላይ ይጎለታል። በዚህ ጠባዩ ከከተማችን ሹማምንት ማንንም ይመስላል ብዬ እንደማላስብ በዚሁ አጋጣሚ አረጋግጣለሁ።

ጨዋታውን የሠሩት ፈረንጆች ይህን አውሬ «ቦስ» ይሉታል። ጥፋቱ የተጀመረው ወንድሜ ቃሉን ወደ አማርኛ የመለሰ ዕለት ነው። አምደሚካኤል ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ዲማ ቅኔ የቆጠረ ልጅ ስለሆነ የባዕድ ቃል አፉን ይኮሰኩሰዋል። ስለዚህም ቦሱን አለቃ፣ አብረውት የሚገጥሙትን ማኅበር፣ የቆሰለ ጓደኛን የሚያድነውን ተጫዋች ፈዋሽ ብሎ ሰየመ። አውሬውን አውሬ ብሎት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤታችን በሰላም ባደረ። ደብሩ ሁሉ አለቃ፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ አለቃ ባለው ከተማ ውስጥ ግን አለቃ ይገደላል ማለት ምን ያህል ሰው እንደሚያስደነግጥ አላሰበበትም። አሁን ቅሬታዎቼን፣ ቅሬታ ማለት ከባድ ከሆነ ትዝብቶቼን፣ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ወርቁን በተመለከተ። መርማሪዎ ወርቁ የት እንዳለ ሲጠይቁት ወንድሜ እንደ እውነቱ ሰርቨር ላይ ነው ብሎ መለሰ፤ ጨዋታው የተቀመጠበት የሩቅ አገር ኮምፒውተር ማለቱ ነበር። እሳቸውም ሰርቨር የሚባለው ቦታ በቁይ በኩል ነው ወይስ በመርጡለ ማርያም በኩል ብለው ጠየቁት። ወንድሜ ምግብ ለምታደርስለት እናታችን እንደነገራት፣ በዚህ ጊዜ ሳቅ አመለጠው፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልሳቀም። ነገሩን ለማቃለል ብሎ፣ የተናገርሁት ሰም ብቻ ነው፣ ወርቅ የለውም አላቸው። በቅኔ ቋንቋ ከቃሉ ሥር የተደበቀ ሌላ ትርጉም የለኝም ማለቱ ነበር። መርማሪው ግን ተጠርጣሪው በመጀመሪያ ወርቅ አለ ብሎ ኋላ ወርቅ የለም በማለት ቃሉን ለውጧል ብለው መዘገቡ። እንዲህ ያለ የቋንቋ ጥንቃቄ በተማሪዎቼ ላይ ባየው ምንኛ ደስ ባለኝ።

ሁለተኛ፤ ክቡርነትዎ ለነገሩ በሰጡት ክብደት የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ሰንበት ከጉባኤያቸው ተጠርተው የወንድሜን የስልክ ንግግር እንዲፈቱ መደረጉን በአድናቆት ሰምተናል። መሪጌታ መነጽራቸውን አጥልቀው መላልሰው ካዩት በኋላ ቤት አይመታም፣ ምስጢር የለውም፣ አማርኛውም የገበያ ነው፣ ይህን ይዞብኝ የመጣ ተማሪ ቢኖር ወደ ዳዊት እመልሰው ነበር ብለው መስክረዋል። ቢሮዎ ይህን ምስክርነት ተቀብሎ፣ ምስጢሩ ለሊቅ እንኳ የተሰወረ እጅግ ጥልቅ ሤራ ነው ከሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ። እንግዲህ በአገራችን ነገሩን በቅኔ የሸፈነ ሰው ያልፍለታል፤ እንዳለ የተናገረ ግን መውጫ የለውም። ወርቅ የሌለው ሰው ምኑን አሳይቶ ይፈታል?

ሦስተኛ፤ የማኅበሩ አባላት። ወንድሜ ፊታቸውን አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ለጨዋታው ያወጡትን ስም ነው። አንደኛው ራሱን «ሞት አይፈሬ» ብሎ ሰይሟል። ይህ ሰው አሁን በቢሮዎ በጥብቅ የሚፈለግ ታጣቂ መሆኑን ሰምቻለሁ። ተጫዋቾቹ በሚነጋገሩበት ማዳመጫ በኩል እንደሰማሁት ከሆነ ሞት አይፈሬ በሌላ ከተማ የሚኖር የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ሲሆን፣ ውጊያው በጋለ ሰዓት እናቱ ምሳ ቀርቧል ብላ ስትጣራ ሰይፉን ጥሎ የሚሄድ ነው። በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ተሸንፈናል።

አራተኛውን ቁጥር ልስጠው ወይስ አልስጠው ስል ቆይቼ ሳልቆጥር ለመጻፍ ወሰንሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን በተራ ማስቀመጥ አቃተኝ።

እናታችን ወይዘሮ ፋንታነሽ በየቀኑ ምግብ ይዛ ትሄዳለች። ጥበቃዎቹ እንጀራውን ገልብጠው፣ ወጡን በማንኪያ አማስለው መልእክት አለመደበቁን ያረጋግጣሉ። እሷም ያገኘችውን ሁሉ «የኔ ልጅ ለበዓል ዶሮ ሲታረድ እንኳ ከግቢ ወጥቶ፣ ላባው ሲነቀል ነው የሚመለስ፤ እንዴት አለቃ ይገድላል?» እያለች ትጠይቃለች። እሑድ ዕለት ስትመለስ አገልግሉ አልተነካም ነበር። ከንፈሩ አብጦ ማላመጥ አልቻለም። ምን ሆነህ ነው ብትለው ደረጃ ላይ ወድቄ ነው አላት። ክቡርነትዎ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ያ ጣቢያ ደረጃ የለውም።

የወደቀበትን ደረጃ እኔ አውቀዋለሁ። ፈዋሿ ማን ናት ተብሎ ሲጠየቅ ዝም ስላለ ነው። እሱ ዝም ሲል ቢሮዎ ፍለጋውን ወደ ሰፈሩ አዞረና ትናንት ጧት እማሆይ ወለተ ኪዳንን ወሰደ። እማሆይ ዳማከሴ ጨምቀው ለጉንፋን ከመስጠትና የጨቅላ ሆድ ከማሸት ያለፈ ሕክምና የማያውቁ፣ ቁርጥማት ያጎበጣቸው መነኩሴ ናቸው። ሲወስዷቸው በመስኮት አየሁ። መቋሚያቸው ወድቆባቸው የሚያነሣላቸው ጠፍቶ ነበር። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ፣ እጄን አፌ ላይ ጭኜ፣ አልወጣሁም። ማታ እንደለቀቋቸው ስሰማ ያለቀስሁት ለእሳቸው ይሁን ለራሴ እስካሁን አልለየሁትም።

ክቡርነትዎ፣ ፈዋሿ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ፈተና አርሜ ስጨርስ ከኢንተርኔት ቤቱ ከወንድሜ ጎን እቀመጥ ነበር። የኬሚስትሪ መምህርት መሆኔ ለቢሮዎ ሌላ ወርቅ እንደሚሆንለት ስለማውቅ፣ መድኃኒቴ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የሚፈነጥቅ አረንጓዴ ብርሃን መሆኑን ቀድሜ አሳውቃለሁ። ይህን ሥራ የመረጥሁትም ፈሪ ስለሆንሁ ነው። ፈዋሽ ሰይፍ አትይዝም፤ ከሁሉ ኋላ ትቆማለች፤ አለቃው ፊት መቅረብ የለባትም። በጨዋታም ቢሆን አለቃ ሲነሣ ከምሰሶ ጀርባ እደበቃለሁ። ነገር ግን አንድ ደንብ አለ። ወንድሜ ገና ሲያስተምረኝ ነው የነገረኝ፤ ፈዋሽ ፈርታ ከሸሸች ከፊት የቆሙት ሁሉ ያልቃሉ። የቱንም ያህል ብትፈራ መሄድ ወደ ወደቀው ነው።

ስለዚህ ሰኞ ጧት፣ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት እንዳበቃ፣ ወደ ቢሮዎ በእግሬ እመጣለሁ። መኪና መላክ አያስፈልግም፤ ነዳጅ ተወዷል፤ እናቴም የመኪና ድምፅ አትችልም። ፈርቻለሁ። ከዚህ ቀደም በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም፤ ይህን ቃል የምጽፈው ሌላ ትርጉም እንዳይፈለግለት አደራ እያልሁ ነው፤ ሰሙም ወርቁም ፍርሃት ነው። ልመናዬ አንዲት ናት። እኔ በበሩ ስገባ እሱ በዚያው በር ይውጣ፤ ፈዋሿ ከተገኘች የሚጠየቀው ጥያቄ አልቋልና። እናታችን ሁለት አገልግል ተሸክማ የምትመላለስበት ጉልበት የላትም።

እስከዚያው ድረስ፣ በሩን ሳያንኳኩ ስለሚገቡት ባልደረቦችዎ፣ ሳንጠይቅ ስለሚሰጡን ጥበቃ፣ እንዲሁም ስለ ሕልማችን ጭምር ስለሚያስቡልን፣ ወገቤን አጥፌ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ዓይኔን ከደጃፌ ሳልነቅል አመሰግናለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥና ድንጉጥ አገልጋይ
እስከዳር ወልደጊዮርጊስ

ግልባጭ፦
ለመሪጌታ ወልደ ሰንበት፣ ምስጢር እንደሌለው እንዲያረጋግጡልኝ፤
ለእማሆይ ወለተ ኪዳን፣ ከይቅርታ ጋር፤
ለአቶ ሙላት፣ በቀረው ግማሽ ፀጉራቸው በኩል፤
ለአምደሚካኤል፣ ባለበት።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ሳበቃ አንድ ወሬ ደረሰኝ። የወንድሜ ንግግር ከተሰማ ወዲህ «የተዶለተው በእኔ ላይ ነው» ብለው ጠባቂ እንዲመደብላቸው ያመለከቱ አለቆች ሦስት ደርሰዋል አሉ። አንዱ የደብር አለቃ፣ ሁለተኛው የመሥሪያ ቤት አለቃ ሲሆኑ፣ ሦስተኛው ክቡርነትዎ መሆንዎን ነገሩኝ፤ እኔ ግን አላመንሁም። አበው ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይላሉ። ማን ምን አድርጎ ይህን ያህል እንደፈራ ለማወቅ መመርመር የሚገባው ወንድሜን አይመስለኝም፤ እሱ እስከ ዛሬ የማንንም ስም አልጠራም።